የልብስ ሰፊው ሜትር

ልብስ ሰፊው ያቺን አንካሳ ውሻ ሲሰድብ ነው የኖረው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተጋድማ ደንበኛ ታሰናክላለች፤ እሱም እየተራገመ የምሳውን ትራፊ ይወረውርላታል።

አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት ሰዎች አንገቱ ላይ ማሰሪያ የሌለውን ውሻ ሁሉ እየለቀሙ ሰፈሩ ደረሱ። አንዱ ገመዱን እያዘጋጀ፣ "ይቺ ባለቤት የላትም" አለ።

የልብስ ሰፊው ደም ፈላ። "ማነው የላትም ያለህ?" ብሎ፣ ለሚስቱ እንኳ አውሶ የማያውቀውን ሜትር ከአንገቱ አውልቆ የውሻዋ አንገት ላይ ቋጠረው። "ይኸው ማሰሪያዋ። እስቲ አሁን ንካት።"

ሰውየው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ትከሻው በስንዝር ሲለካ ግራ ገባው። "ሜትርህን ምን በላው?"

"ያቺ የማትረባ አስራዋለች።"

"ታዲያ ፈትተህ አትወስድም?"

"ነገ ቢመለሱስ? ዝም ብለህ ቁም፣ አትወዛወዝብኝ።"