የተቃናው አንገት

ቅዳሜ ጠዋት ጋለሪው በልጆች ሲሞላ፣ ከሁሉም ቀድማ የምትደክመው አስተማሪያቸው እትዬ ጭቃ ናት። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ እሷም የባሰ አታምጣ ብላ ተቀብላዋለች። እናቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ ሌሊቱን የምታሳልፈው እሳቸውን ስታገላብጥ ነው፣ ጠዋቱን ደግሞ ጭቃ ስታሽ። ልዩነቱ ጭቃው አለመቆጣቱ ነው።

በኋለኛው ክፍል ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ድብልብል ጭቃና አንድ የጣውላ ቁራጭ ይሰጠዋል። ወላጆች በር ላይ ቆመው "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" እያሉ ይሳሳቃሉ። ትንሽ ቆይተው ግን የልጃቸውን ዝሆን ኩምቢ ራሳቸው ማስተካከል ያምራቸዋል። በዚህ ነገር እትዬ ጭቃ ቀልድ አታውቅም፤ የልጅ ሥራ አይነካም። እሷ ራሷ በጠረጴዛው ዙሪያ የምትዞረው ሻሿን ማጅራቷ ላይ ቋጥራ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው። እጅ ክፉ አመል አለበት ትላለች።

የዚያን ቀን የዘበኛውም ልጅ ከልጆቹ መሀል ነበረች። ገና ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቤት የሚይዛት ሰው ስለሌለ አባቷ ይዟት ይመጣል። አባቷ ሌሊት መጋዘን፣ ቀን ጋለሪ ይጠብቃል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሆኖበት እንጂ፣ አንድ ሰው ቀንም ሌሊትም ነቅቶ እንደማይችለው ጠፍቶት አይደለም። የጋለሪው ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሁለት ጊዜ አግኝቶታል። አሁን ደግሞ አንድ ጊዜ ተኝቶ ቢገኝ እንደሚያሰናብተው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነግሮታል።

ልጆቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ እትዬ ጭቃ ብቻዋን ቀረች። ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ የሚቀመጡትን ሥራዎች ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ሊመርጥ ስለሆነ፣ የወደቀ ወይም የተሰነጠቀ እንዳለ ታይ ጀመር። የዘበኛው ልጅ የሠራችው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ወድቋል። ጭቃው ውሃ በዝቶበት አንገቱ የከዳው መሰላት። ጭቃ ሲያቃና የኖረ፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሌላ ምን ሊመስለው? ያ የተጣመረ እጅ ሳታስበው ተፈታና ጭንቅላቱን ቀና አድርጋ አንገቱን በትንሽ ጭቃ ደገፈችው።

ልጅቷ ተመልሳ ሥራዋን ስታይ አላለቀሰችም። የተቃናውን አንገት እያየች፣

"እትዬ፣ ለምን ቀሰቀስሽው?" አለች።

"ማንን?"

"አባዬን። አሁን ገና እኮ ነው የተኛው።"

እትዬ ጭቃ ወደ ሥራው ጎንበስ አለች። ጭንቅላቱ ላይ ያለውን የዘበኛ ኮፍያም ያስተዋለችው ያኔ ነው። ሌላውን ስትከለክል ኖራ በገዛ እጇ፣ ያውም የደከመ ሰው ቀሰቀሰች። አፈረች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቷ አንገቱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አባቷን መልሳ አስተኛችው።

የሥራ አስኪያጁ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ነው ሌላው ጉድ የታያት። ይህን ካየ የዘበኛውን እንቅልፍ የገዛ ልጁ መሰከረችበት ማለት ነው። አንገቱን እንደገና ታቃናው? አሁንማ እያወቀች ነው የምትነካው። በጨርቅ ልትሸፍነውም አሰበች፤ ልጅቷ ግን ዓይኗን ከሥራዋ አልነቀለችም፣ እትዬ ጭቃም ጨርቁን ተወችው።

ሥራ አስኪያጁ ዝሆኑንም መኪናውንም እያደነቀ መጥቶ እዚያ ወንበር ፊት ቆመ። ይሄ የተኛው ማን ነው ሲል ፈገግታው ቀንሶ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ ጭቃ፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ቀድማ።

"አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኮፍያ ማድረግ የጀመርሽው?"

ልጅቷ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች። አባቷ የተባለውን እሷም ሰምታለች፤ ቤት ውስጥ ከዚያ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከዚያ የኮፍያውን ጥላ በሁለት ጣቷ ቆነጠረች፣ ወደ ኋላ ሳበችና ማጅራቱ ላይ ቋጠረችው።

"ኮፍያ አይደለም፣ ሻሽ ነው። ገና አልጨረስኩትም" አለች። "እትዬ ጭቃ ናት። ሁልጊዜ ቆማ ነው የምታንቀላፋው፤ እኔ ግን ወንበር ሰጠኋት።"

ሥራ አስኪያጁ ከት ብሎ ሳቀ። ቁርጥ አንቺን ነው ብሏት ለአዳራሹ መረጠውና አለፈ።

እትዬ ጭቃ አልሳቀችም። ልጅቷን ውሸትሽን ነው ወይስ እውነትሽን ልትላት ፈልጋ ነበር፤ ተወችው። ቤትም ጋለሪም ደከመሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ካለ ረስታዋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እጇ ጭቃ ነበር።