ቀኙ ሞኒተር

ባለፈው ሳምንት ዓባይ ማዶ አንድ ሰርግ ላይ የድምፅ መሳሪያ ስንዘረጋ፣ ወጣቱ ዘፋኝ ማይኩን ከአፉ ራቅ አደረገና «ወንድሜ፣ ቀኙ ይሠራል እንዴ? ለእኔ ምንም አይሰማኝም» አለኝ። ገመዱ ወልቆ ነበር። ሰካሁለት። «አሁን ሆነ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ከመድረኩ ጀርባ ዞሬ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥሁ። ድንኳኑን የሚያስሩት ልጆች ያመመኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ጠጣሁት። ምን ልበላቸው?

ሥራው የወንድሜ የይበልጣል ነበር። እሱ ይዘፍናል፣ እኔ ገመድ እዘረጋለሁ። ሞኒተር የሚባለውን ለማያውቅ ሰው፣ መድረክ ላይ ከዘፋኙ እግር ሥር ተጋድሞ ፊቱን ወደ እሱ ቀና የሚያደርግ ድምፅ ማጉያ ነው። ለሕዝቡ አይደለም። ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት ነው። ይበልጣል ሁለት ነበሩት፣ ግራና ቀኝ። ሐይቁ ዳር የነበረ አንድ ሆቴል የምሽት ባንዱን ሲያሰናብት የገዛቸው ናቸው። አሮጌ ነበሩ፣ ግን ይወዳቸው ነበር። ከሰርግ ስንመለስ መጀመሪያ የሚያወርደው እነሱን ነው።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥሁበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ቀኙ ከአይሱዙ ላይ ወደቀ። ጥጉ ተፈነከተ እንጂ ድምፁ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ግን ይበልጣል መድረክ በወጣ ቁጥር «ቀኙ ሞቷል» ይል ጀመር። ዜማውም አንዳንድ ቦታ ትንሽ ይወርድበታል። ሰው ገና አላወቀበትም። እሱ ግን ያውቃል። አንድ ቀን ከመድረክ ወርዶ ላቡን እየጠረገ «ራሴን ካልሰማሁ ምን ዘፋኝ ነኝ? ገበያ መሐል የሚጮህ ሰው ነኝ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ዓባይ ማዶ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የሚጠግኑ ጋሽ ታፈረ የሚባሉ ሰው አሉ። ሳጥኑን ፈቱና ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው ትዊተር ውስጥ አንዲት ክብ ነገር አወጡ። ኮይል ይሏታል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ናት። ጠርዟ ላይ ስንጥቅ ነበረባት።

«ይኸውልህ ወንጀለኛዋ» አሉ።

«ይቀይሯታ፣ ጋሼ።»

«በምን? ይህ ዕቃ እኮ በዕድሜ ያንተ ታላቅ ነው። የሠራውም ፋብሪካ ረስቶታል።»

ስንጥቋን ሁላችንም በዓይናችን አየን። ጥፋተኛ አንዴ ከተገኘ ሌላ ማን ይፈልጋል? ደግሞ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። በሁዳዴ ሰርግ የለም፤ እንደኛ ያለ ሰው ዕቃውን የሚያስጠግነው ያኔ ነው። አባታችን መሪጌታ ናቸው። በጾም እንኳን ዘፈን ፉጨት በግቢያችን አይሰማም። ይበልጣልም ጾሙን ሁሉ አንዲት ስንኝ አልዘፈነም። አሁን ሳስበው፣ ዘፍኖ ቢሆን ኖሮ ቀድመን እናውቅ ነበር። ግን እንዴት ይዘፍናል? ሁዳዴ ነው።

እናም ኮይል ፍለጋ ወጣን። የባሕር ዳርን ሱቅ ሁሉ አዳረስን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የዘንባባው ጥላ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም። ባለሱቆቹ ኮይሏን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ያዩና «ለምን አዲስ ሳጥን አትገዙም?» ይሉናል። ከመርካቶ አንዲት አስላክን። ስትመጣ የብሎን ቀዳዳዋ አልገጠመም። ጋሽ ታፈረ ወደ ካርቶኗ መለሷትና «ቆንጆ ናት፣ ግን የሌላ ሰው ሚስት ናት» አሉ። ይበልጣል በዚያ ሰሞን የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የሆቴሉ የድሮ ዘበኛ፣ ከነዚሁ ሳጥኖች አንዱን አንበሳሜ ያለ ባለጠጅ ቤት እንደገዛው ነገረን። በጠዋት በሚኒባስ ተነሣን። መንገዱ አቧራ ነው፤ የታጨደው ማሳ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሐሙሲት ስንደርስ እሸት ሽምብራ በእቅፍ ገዛንና እየፈለፈልን ሄድን። ልቀመጥ ስል ይበልጣል ክንዴን ይዞ ወደ ግራው አዞረኝ። «በዚህ በኩል ሁን፣ ያኛው ፀሐይ ነው» አለኝ። ስንመለስም፣ ፀሐዩ ዞሮ ሳለ፣ በግራው አስቀመጠኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

የጠጅ ቤቱ ጌታ አቶ አለልኝ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነበሩ። ለጾሙ ጠጅ ትተው ብርዝ ይሸጣሉ። ሳጥኑ ጥግ ላይ አጎዛ ተነጥፎበት አንድ ሽማግሌ ተቀምጠውበታል።

«አባ ውቤ፣ ይነሡማ፤ ወንበርዎ ተፈልጓል» አሏቸው።

«ለምን ተፈለገ?»

«ይዘፍናል አሉ።»

«ይሄ? ስንት ዘመን ስቀመጥበት አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳጥኑን ፈታነው። ኮይሏ አቧራ ለብሳ፣ ግን ደህና ሆና አገኘናት። ይበልጣል ዋጋ ሲጠይቅ አቶ አለልኝ እጃቸውን አወናጨፉ። «በፋሲካ መጥተህ አንድ ዘፈን ትዘፍንልኛለህ። ቃል?» አሉት። «ቃል» አላቸው። ያንን ቃል ሳይፈጽመው ቀረ።

ኮይሏን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ እንደ ጫጩት በሁለት መዳፉ ይዞ ባሕር ዳር ገባ። ጋሽ ታፈረ በሆሳዕና ዋዜማ ገጠሟት። «አንድ፣ ሁለት» ብለው በቃል ሞከሩ። ሠራ። እኔ ይበልጣልን «እስኪ ዝፈንበት» ስለው፣ ጋሽ ታፈረ በጥፊ ሊሉኝ ቃጡ። «ሕማማት ደጃፍ ላይ ቆሞ? አንተ የመሪጌታ ልጅ ነህ የማን?»

ስለዚህ የፋሲካን ማግስት ጠበቅን። ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ትልቅ ሰርግ ነበረን። ሰኞ ዕለት በግቢያችን ሁለቱን ሞኒተሮች ከሎሚው ዛፍ ሥር ዘረጋሁ። ጋሽ ታፈረ ሊጠይቁን መጥተው፣ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ያያሉ። አባባ በረንዳው ላይ ናቸው፤ እንደማይሰማ ሰው ወደ ሌላ ያያሉ። ይበልጣል ማይኩን ያዘና ጀመረ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ቀኙ እንደ አዲስ ይዘምር ነበር፣ ፀጉሬ ቆመ።

ይበልጣል አቆመ። «አሁንም የለም» አለ።

«ምኑ?»

«ቀኙ። ምንም የለም።»

ጋሽ ታፈረ ዳቦውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ግራውን ሳጥን አንሥተው ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ። «አሁንስ?»

ይበልጣል ዘፈነ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ «ቀኙ የለም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ጋሽ ታፈረ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ሳጥኑ አየሁ። የማየው ሌላ ነገር አጣሁ።

አባባ ከበረንዳው ወርደው መጡ። ከበስተቀኙ ቆሙና፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ይበልጣል። ልጄ» አሉት።

አልዞረም። የሚያየው እኔን ነበር። «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታዩኝ?» አለኝ።

ያን ማታ እራት አልቀመሰም። ሐኪም ቤት ከሰርጉ በኋላ እሄዳለሁ አለ። ለሰርገኞቹ ሌላ ዘፋኝ እንፈልግላቸው ስለው ተቆጣኝ። «ይህን አንዱን ብቻ ተውልኝ» አለ። አባባ ዘፈን አይወዱም፤ ልጃቸው ዜማ ተምሮ ሰርግ ላይ መዋሉ ያስቀይማቸው ነበር። ያን ዕለት ግን እኔን ለብቻዬ ጠርተው «ማኅሌት ስንቆም በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የምንቆመው ለማማር ይመስልሃል? አንዱ ሲስት ፊቱ ያለው ያየዋል። አንተም ፊቱ ቁምለት» አሉኝ።

ቆምሁለት። መድረኩ ሥር፣ ከሚጨፍረው ሰው መሐል። ዜማው ሊወርድበት ሲል እጄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲደርስ አወርዳለሁ። ሰዉ እስክስታ የምወርድ መስሎት ከብቦ ያጨበጭብልኛል። አንዲት እናት ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉልኝ። ይበልጣል ከኔ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መጨረሻው ዘፈነ። አንድም ቦታ አልወደቀም። ሲጨርስ ከመድረክ ወርዶ አቀፈኝ፤ ሸሚዙ በላብ ረጥቦ ነበር።

ሐኪሞቹ ከጆሮው በስተውስጥ የበቀለ ነገር አገኙ። አዲስ አበባ ተላከ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን ሁሉ ሸፍኖት ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሥራውን እኔ ይዤዋለሁ። ሰዎች «ወንድምህ ቢያይህ ደስ ይለዋል» ይሉኛል። አላውቅም። እኔ ድምፅ የለኝም፣ የምችለው ሌላው ሰው ራሱን እንዲሰማ ማድረግ ነው። ያም ሥራ ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ግን አይገባኝም። ባለፈው ሳምንት ያ ወጣት «አሁን ሆነ!» ብሎ ሲስቅ ደስም አለኝ፣ ቀናሁም። ለእሱ ነገሩ ገመድ ነበር።

ይበልጣል በዳግማይ ትንሣኤው ሰርግ የዘፈነውን አንድ ሰው በስልኩ ቀድቶት ኖሮ ሰጥቶኛል። ብዙ ጊዜ አልከፍተውም። ስከፍተው ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ እደፍናለሁ፣ እሱ የሰማውን ያህል ብቻ ልስማ ብዬ። ጭብጨባው ይርቃል፣ ከበሮው ይደፈናል። እሱ ግን አለ፤ ቀስ እያለ፣ እየፈራ፣ ወደ ላይ ይወጣል።