ጾሙን የማይፈታው ኢንጂነር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ካሮት መክተፍ ነበር። ከከሚሴ ወጣ ብሎ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተተክሎ የኢንጂነሮቹ ኩሽና ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ዋናው ሼፍ ማሞ ይባላል። አዲስ አበባ ሆቴል ሠርቶ የመጣ፣ ነጭ ቆብ ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። "ሙያሽ ምንድን ነው?" አለኝ። "የሠርግ ወጥ ሠሪ ነኝ። አንድ በሬ ለብቻዬ ወጥ አድርጌ አውጥቻለሁ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አንድ ጆንያ ካሮት ከፊቴ ዘረገፈ። "ክብሪት እንጨት አድርጊልኝ" አለ።

ካሮት ክብሪት ሲሆን አይቼ አላውቅም። እንደ ሠርጉ በትልልቁ ከተፍኩት። ማሞ አንዱን አንስቶ አገላበጠው። "ይሄ ለግመል ነው?" አለኝ። "ለግመል ከሆነ ባቲ ገበያ ውሰጂው።" ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ሽርጡን ፈትቼ ልወረውርለት ምንም አልቀረኝም። ግን ደግሜ ከተፍኩ። በሦስተኛው ጆንያ ክብሪት ሆነ።

በእኛ አገር አትክልት ማለት ሥጋ የታጣ ቀን የሚበላ ነገር ነበር። ለእንግዳ ጎመን ብቻ ብታቀርቡለት "ምን አስቀየምኳቸው?" ብሎ ነው የሚሄደው። ካምፑ ውስጥ ግን ዓለም ሁሉ አትክልት ይበላል። ግብፃዊው ቀያሽ ባሚያ ሲያይ ፊቱ ይበራል። ቱርኮቹ ደበርጃኑን እሳት ላይ አቃጥለው፣ ቆዳውን ገፈው በእርጎና በነጭ ሽንኩርት ይበሉታል። ቻይናዎቹ የራሳቸው ኩሽና ነበራቸው። የእነሱ ወጥ ሠሪ ፎሶልያውን በጋለ መጥበሻ ላይ ሁለቴ ገልበጥ ያደርግና ያወጣዋል። "ጥሬ ነው እኮ!" ብዬ ተከራከርኩት። በእጁ "ብይው" አለኝ። በላሁትና ደገምኩ።

በሁለት ዓመት ከከታፊነት ወደ ረዳት ሼፍነት አደግኩ።

ያን ጊዜ ነው ሱሬሽ የሚባል ህንዳዊ የድልድይ ኢንጂነር የመጣው። አገራችን ብዙ ስለቆየ አማርኛ ይሞክራል፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው። በመጣ ቀን ኩሽናው በር ላይ ቆሞ "እኔ ሥጋ የለም። ዓሣ የለም። እንቁላል የለም" አለ። ሼፍ ማሞ ወደ እኛ ዞሮ "ጾም ላይ ነው" ብሎ አስረዳን። ከመካከላችን ክርስቲያኑ እሱ ስለሆነ እንዲህ ያለው ነገር ለእሱ የተተወ ነበር። "መቼ ነው የሚፈታው?" አልኩት። "የእነሱን እንጃ። ሁለት ወር ቢሆን ነው" አለ።

ሁለት ወር አለፈ። አራት ወር አለፈ። ሰውየው ወተት ይጠጣል፣ ቅቤ ይበላል፣ ሥጋ ግን አይነካም። "ወተት የሚጠጣ ጾመኛ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?" ብዬ ማሞን ጠየቅኩት። "ጾማቸው ላላ ያለ ነው። ለዚህ ነው የሚረዝመው" አለኝ። አመንኩት፤ ቆቡ ያለው እሱ ጋ ነው። በፋሲካ ማሞ ዶሮ ወጥ ሠርቶ "እንኳን አደረሰህ!" ብሎ አቀረበለት። ኢንጂነሩ አመሰገነና ሳህኑን ለሹፌሩ አሳለፈው። ሹፌሩ በጣም ደስ አለው።

ከዚያ ኢንጂነሩን ወባ ያዘው። ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ልብሱ ብቻ የመጣ ነው የሚመስለው። ሾርባ እልክለታለሁ፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይመልሰዋል። በሰው አገር፣ እናት የለው፣ ሚስት አጠገቡ የለች። አንጀቴን በላው።

በእኛ ቤት ከበሽታ የተነሳ ሰው የሚሰጠው የአጥንት መረቅ ነው። ሌላ መድኃኒት አላውቅም። በእኛ ዲን ደግሞ የታመመ ሰው ጾም አይገደድም፤ ይበላል፣ ሲድን ቀዷውን ያወጣል፤ የጎደለበትን ቀን በኋላ ይጾማል ማለት ነው። ይሄም ሰውዬ ሲድን ያወጣል ብዬ ፈረድኩ። ቃዲ ሳልሆን ፈረድኩ።

ከሰንበቴ ገበያ የመጣ በሬ ቅልጥም ነበረን። ቀቀልኩት፣ ስቡን ገፈፍኩት፣ በወንፊት ሁለቴ አጠለልኩት። በዚያ መረቅ ላይ ካሮቱን፣ ቲማቲሙን፣ ምስሩንና ድንብላሉን አበሰልኩ። ሳህኑን ጠርጎ መለሰው። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ድልድዩ ላይ ቆሞ በሠራተኞቹ ላይ ሲጮህ ሰማሁና አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከዳነ በኋላ ማቆም ነበረብኝ። አንድ ቀን ያለ መረቅ ሠራሁት። "ዘሃራ፣ ዛሬ ሾርባ ምን ሆነ? አንተ ታመመ?" አለኝ። በማግስቱ መረቁን መለስኩት። ሳህኑን ሲያስረክበኝ ከቀን ሠራተኞቹ በተማረው ኦሮምኛ "ገላቶሚ" ይለኛል፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሙገሳው ጥሞኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ ሦስት ወር ሞላ።

በዚህ መሀል ሼፍ ማሞ ሌላ ካምፕ ተዛወረ። የካምፑ ሥራ አስኪያጅ እንድሪስ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የተማረው። ቢሮው ጠራኝ። "እቴ ዘሃራ፣ ኢንጂነር ሱሬሽ ዋና ሼፍ አንቺ እንድትሆኚ ጽፏል። እንዲህ ያለ የአትክልት ሾርባ አገሬም አልበላሁም ብሏል። ኢንሻአላህ ሐሙስ እፈርምልሻለሁ" አለኝ። በዚያ ካምፕ ሴት ዋና ሼፍ ሆና አታውቅም። እየበረርኩ ቤቴ ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። "ቆቡንም ይሰጡሻል?" አለኝ።

ከሹመቱ ወሬ በፊት ባለው ሳምንት ኢንጂነሩ ስልኩን ዘርግቶ ኩሽና ገብቶ ነበር። ስልኩ ውስጥ ሚስቱ ትታያለች። "ዘሃራ፣ እሷ ሾርባ መሥራት ይፈልጋል። ንገረው" አለኝ። ካሮት አልኩ። ቲማቲም፣ ምስር፣ ድንብላል፣ ዝንጅብል። እሱ ይተረጉማል፣ እሷ ትጽፋለች። "ሌላስ?" አለች። "ሌላ የለም" አልኩ።

አልሆነላትም። ተመልሶ ሲመጣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩላት። አሁንም አልሆነም። እርድ አልኩ። ሦስተኛውን ድስት ደፋች። የሹመቱን ወሬ በሰማሁ ማግስት ኢንጂነሩ እየሳቀ መጣ። "እናቴ ምን አለ? ምራቴ ሙያ የለም፣ አንድ ሾርባ አቃተው አለ። ሚስቴ አለቀሰ" አለኝ። እሱ ሳቀ። እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ በአማት ፊት ሙያ የላትም መባል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። 

የቀረውን ቢላዋዬ ጨረሰው። ቻይናዎቹ ኩሽና የተቀጠረ አንድ አዲስ ሠራተኛ ሳያስፈቅደኝ ወስዶ የአሳማ ሥጋ ቆረጠበትና አጥቦ ቦታው መለሰው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ከተፍኩበት። ሲነግሩኝ ኩሽናውን አናወጥኩት። "እስላም መሆኔን እያወቅክ! እንደማልነካው እያወቅክ!" አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። "አጥቤዋለሁ እኮ፤ ምን ሆንሽ? ምንም አይታይበትም" አለኝ። "ይታይ አይታይ ምን አገባህ! አልፈልግም ካልኩ አልፈልግም ነው!" ብዬ ስጮህ ጆሮዬ የራሴን ድምፅ ሰማ። መረቁን የማጠልልበት ወንፊት ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል። አስተግፊሩላህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ እንድሪስ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ማል ታቴ፣ እቴ ዘሃራ? ምን ነካሽ? ነገ እኮ ነው የምፈርመው!"

"አውቃለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ መረቁን ተይዋ። ዝም በይ። ሰውየው ድኗል፣ አንቺም ትሾሚያለሽ። ማን ተጎዳ?"

"ህንድ ያለችው ሴትዮ" አልኩት።

"እሷን ደግሞ ማን ያውቃታል?"

"እኔ አውቃታለሁ። በስልክ።"

 ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በል ቢለኝም ቆሜ ነው የነገርኩት። "ሾርባህ ውስጥ የበሬ አጥንት መረቅ አለ። ስትታመም ነው የጀመርኩት። ጾምህን በኋላ ታወጣለህ ብዬ ነው።"

"ምን ጾም?" አለኝ።

"ጾም ላይ አይደለህም እንዴ?"

"እኔ ጾም የለም። እኔ ከተወለደ ሥጋ አልበላም። አባቴ አልበላም። አያቴ አልበላም።" ቀጥሎም "ስንት ቀን?" አለኝ።

"ሦስት ወር።"

ተነሳና ወጣ። ውጭ ካለው ቧንቧ ውሃ በእፍኙ ይዞ ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፣ ደግሞ ተጉመጠመጠ። በመስኮት አየዋለሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ሹመቴ አልተፈረመም። ከኮምቦልቻ ሌላ ሼፍ መጣ፤ ቆቡም ሰፋው። እኔን አላባረሩኝም፤ ለምን እንዳላባረሩኝ አልጠየቅኩም። ኢንጂነሩ ከኩሽናችን መብላት አቆመ። ክፍሉ ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሩዝ ይቀቅላል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያረረ ሩዝ ይሸተኛል። ድልድይ የሚሠራ ሰው ሩዝ መቀቀል አይችልም። ገብቼ እሳቱን ልቀንስለት እጄን ይበላኛል፤ ግን በየትኛው ፊቴ?

ሃያ ቀን ያህል እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኩሽናው በር ላይ ቆመ። ከከሚሴ ገበያ የገዛው አዲስ ድስት፣ ጭልፋና ወንፊት ይዟል። አዲሱ ሼፍ ሊቀበለው ተነሳ። ኢንጂነሩ በአጠገቡ አልፎ እኔ ፊት አስቀመጣቸው።

"ይሄ የእኔ ድስት ነው። ሥጋ አይነካም። አንተ ብቻ ይሠራል" አለኝ።

"ሼፉ አለ አይደል? ያበላሁህ እኮ እኔ ነኝ!" አልኩት።

"ሼፍ ጎበዝ ነው። ግን ሼፍ ቢሳሳት ለእኔ አይነግርም። አንተ ነገረኝ።"

አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል በእጄ የነበረው ፎሶልያ ነው።

በማግስቱ ሚስቱ በስልክ መጣች። ተቆጥታኛለች፤ መጀመሪያ የተቆጣችኝ ግን ስለ መረቁ ሳይሆን ስለ ደፋቻቸው ሦስት ድስቶች ነው። አማቷም ጉዳዩን ሰምተው ምራታቸው ሙያ እንዳላት አረጋገጡ። ቁጣዋ ሲበርድ ከሙኑን በጋለ ዘይት ማንጫጫት፣ ቲማቲሙንም ዘይቱን እስኪተፋ ማቁላላት አስተማረችኝ። ሥጋ ያልነካው ሾርባ መረቅ መረቅ አለ። ድልድዩ እስኪያልቅ ኢንጂነሩ ከዚያ ድስት በላ።

ዋና ሼፍ ሆኜ አላውቅም። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ከሥራ ወጥቻለሁ። ኩሽና የሚገቡ ልጆች ስለ ሙያው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይሄንኑ ነው። ሰው አልበላም ያለውን፣ ለምን እንደማይበላው ባይገባችሁም፣ አታብሉት። ካበላችሁት ንገሩት።