ለአንድ ዳገት የተሠራ ኢንተርኩለር

መጀመሪያ ሰፈሩ ያወራውን ልንገራችሁ፤ ወሬ ከእውነት ቀድሞ መድረስ ልማዱ ነው። ራዲያተር ጠጋኙ ጋሽ ጠብታ፣ ሚስቱ ታማ ተኝታ ሳለ የእሽቅድምድም መኪና ይሠራ ነበር ተባለ። ይሄው ወሬ ፀጉር ቤት ገብቶ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሲበስል ቆየና «ሚስቱን በመኪና ለወጣት» ሆኖ ወጣ። ሥጋ ቤት ሲደርስ ደግሞ ያቺ ምስኪን የሞተችው መኪናው ውስጥ ነው ተባለ።

የሞተችው አልጋዋ ላይ ነው። መኪናውም እንኳን ሊሽቀዳደም፣ ዳገት ላይ አህያ ይቀድመው ነበር።

ጋሽ ጠብታ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። የሚያፈስ ራዲያተር ሲመጣለት በርሜል ውሃ ውስጥ ይነክርና አረፋው ብቅ እስኪል አጎንብሶ ይጠብቃል። ባለመኪናው ሲቁነጠነጥ፣ «ታገሥ፣ ራሷ ትናገራለች» ይለዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ። ሕመሙ ወገቧ ላይ ሲወርድ ግን መቀመጥ አቃታት። ሕክምናው ያለው ከዳገቱ በላይ ባለው ከተማ ነው፣ ያውም በየሳምንቱ። ሰው አስተኝቶ የሚወስድ አውቶቡስ ደግሞ የለም። ስለዚህ የአሮጌ ስቴሽን መኪናውን የኋላ ወንበር ነቅሎ ፍራሽ አነጠፈላት።

መኪናው ቱርቦ ያለው ናፍጣ ነው። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። የተጨመቀ አየር ግን ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ ሞተሩም አፉ ሞልቶ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ዳገቱ መሃል ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅና ሙቀቱ ይወጣል። ያኔ ጋሽ ጠብታ የአሮጌ መኪና ሹፌር ሁሉ የሚያውቃትን ዘዴ ያመጣል፤ ሞተሩ ትንሽ እንዲተነፍስ ብሎ ሙቀቱን ወደ መኪናው ውስጥ የሚያወጣውን ማሞቂያ ይከፍታል። ሞተሩ ይድናል፤ ፍራሹ ላይ ያለችው ትቀቀላለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ቤት ነው የምትወስደኝ ወይስ ዳቦ መጋገሪያ?» ትላለች።

«ትንሽ ቻዪው፣ ጫፉ ደረሰ።»

«ጫፉማ የኔም ደርሷል።»

«ኧረ አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ዝጊ!» ትላለች አጠገቧ ተቀምጣ በካርቶን የምታራግብላት እህቷ።

አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ራሷን ሳተች። ቤት ተመልሳ ነፍስ ስትዘራ፣ «ሁለተኛ እዚህ እሳት ውስጥ አልገባም። ወይ አቀዝቅዘው፣ ወይ ተወኝ» አለችው። አልሳቀችም።

መድኃኒቱ ኢንተርኩለር መሆኑን ያውቃል፤ ከቱርቦው የወጣውን ትኩስ አየር ሞተሩ ከመዋጡ በፊት በንፋስ የሚያበርድ ዕቃ ነው፤ መልኩ ቁርጥ ራዲያተር። መምሰሉ ነው ጉድ የሠራው። ለራዲያተር ሰው ውፍረት ጤና ነዋ! ጋሽ ጠብታ ከተጋጨ የጭነት መኪና ላይ የወረደ፣ ትራስ የሚያህል ኢንተርኩለር መርጦ ከራዲያተሩ ፊት ገተረው። «ይሄማ እንኳን መኪናዬን፣ ሰፈሩንም ያበርዳል» አለና ብቻውን ሊሞክረው ወጣ።

ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲረግጥ መኪናው ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ቆይቶ ይነሳል። ያ ሁሉ ቦርጭ በአየር እስኪሞላ ሞተሩ ይጠብቃላ! ዳገቱ ላይ ደግሞ ባለቦርጩ ንፋሱን ጋረደውና ራዲያተሩ ፈላ። ራዲያተር ጠጋኙ የፈላ ራዲያተሩን ይዞ መንገድ ዳር ተገተረ። የሚያውቁት ሹፌሮች ታዲያ መች ያልፉታል? «ጋሽ ጠብታ፣ ጎበዝ ራዲያተር ጠጋኝ እንጠቁምህ?»

ሲመለስ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። ሚስቱ ከአልጋዋ በመስኮት አየችው።

«ምን ሆነ?»

ነገራት።

«ሰው ፊት ላይ ብርድ ልብስ ጥለህ ተንፍስ ትለዋለህ እንዴ? ንፋስ የሚያሳልፈው ሳሳ ያለ ጨርቅ ነው። ማብረድ ከፈለግህ ስፋቱን ጨምር፣ ውፍረቱን ቀንስ። ደግሞ ሰው ፊት ምን ያስገትረዋል? ለራሱ ቦታ ስጠው።»

በሳምንቱ ቀጠሮ ነበራት። «ይለፈኝ፣ አንተ ይሄን ጨርስ» አለችው። እሺ አላት። የሚቀጥለውም ሲደርስ እሺ አላት። እህቷ ያኮረፈችው እዚህ ላይ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቀችውም።

ሁለተኛው ኢንተርኩለር ቀጭንና ሰፊ ነው። ራዲያተሩን እንዳይጋርድ ከፊት መከላከያው በታች ወደ ጎን አሰረው። ቧንቧውን አሳጠረ፤ አየሩ እንዳይንገላታ መታጠፊያውን ቀነሰ። ንፋስ የሚቀበለውን የላሜራ አፍ የነደፈችው ግን እሷ ናት። በጀርባዋ ተጋድማ አሮጌ ጋዜጣ ላይ በእርሳስ እጅጌ ሣለች፤ አፉ ጠበብ ያለ፣ ወደ ኢንተርኩለሩ ሲጠጋ እየሰፋ የሚሄድ።

«የተገለበጠ እጅጌ ነው» አለች። «ስፌቱን ጥብቅ አድርገው፤ ንፋስ እንደ ውሃ አይንጠባጠብልህም።»

«አረፋ እጠብቃለሁ።»

«ጠብቅ! ሚስት ስትጠብቅህ አንተ አረፋ ጠብቅ!»

ሁለቱም ሳቁ። ያ ሳቅ በአጥር ዘሎ ወጣና «ሚስቱ እያጣጣረች ከመኪና ጋር ይስቃል» ተባለ። የሚስቀው ከእሷ ጋር ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮ ወጡ። መኪናው ዳገቱን ሳያለቃቅስ ያዘው፤ ማሞቂያው ዝግ፣ መስኮቱ ክፍት። ከወገቡ አልፈው ጫፉ ሲቀርብ ሚስቱ ወደ እህቷ ዞረችና፣ «ሹራቤን አቀብይኝ፣ በረደኝ» አለች። ጋሽ ጠብታ በመስታወቱ አያት። እንዲህ ያለ ምስጋና በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየ። ከዚያ ወንበሩን ሳበና ሕመሙ መሠራጨቱን ነገራቸው። ከእንግዲህ መመላለሱ ለእሷ ድካም ነው፤ ማስታገሻ ይሰጣታል፤ ቤቷ ትረፍ።

«ያለፉት ቀጠሮዎች ባይታለፉስ ኖሮ?» አለች እህቷ፣ ጋሽ ጠብታን ሳታየው።

«ይለውጠው ነበር ብዬ አላስብም» አለ ሐኪሙ። እህቷ አላመነችውም።

ደግፈው አወጧትና ፍራሹ ላይ አጋደሟት። ሚስቱ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባ ጣሪያውን ታያለች። እህቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ጋሽ ጠብታ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ሰካው፣ ግን አላዞረውም። ከሆስፒታሉ በር ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ብቻ ነው። በመስታወቱ ሚስቱን አያት።

«ስንደርስ የኢንተርኩለሩን ቧንቧ በእጄ ይዤው ነበር። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እንኳ አያቃጥልም።»