የአያቴ በሬዎችና የመስታወቱ ብርሃን

ልጅ ሳለሁ፣ የጋይንት ልጅ ሁሉ የአንበሳና የጦጣ ተረት ከአያቱ ሲሰማ፣ የእኔ አያት ግን ቦራና ሻንቆ ከሚባሉት ሁለት በሬዎቻቸው ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። እራት ተበልቶ፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ በሚጨሰው ኩራዝ አጠገብ ተቀምጠው ጥማዳቸው ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚዞርባቸው ይተርኩልኝ ነበር።

«በሰያፍ ስትነጂያቸው ጭቃውን ቀድሞ የረገጠው ይዘገያል፤ ደረቅ ላይ ያለው እንደ ልቡ ይራመዳል። ያን ጊዜ ጥማዱ ወደ ዘገየው ይዞርብሻል።»

ያኔ ይህ ተረት ለጓደኛ የሚወራ አልመሰለኝም፤ አፍርበት ነበር።

ንፋስ መውጫ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ስማር አያቴ አንድ ጠዋት በቅሎ እየሳቡ መጡ። ለትዳር ታጭቼ ነበርና ሊወስዱኝ ነው። መምህራችን ትምህርቱ እስኪያልቅ ብለው ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

መምህሩ ክፍሉን አጨልመው በመስኮቱ ቀዳዳ የገባውን የፀሐይ ጨረር በወፍራም መስታወት ላይ በሰያፍ አሳረፉት። ጨረሩ መስታወቱ ውስጥ ሲገባ ታጠፈ።

«ብርሃን በአየር ሦስት እርምጃ በሚሄድበት ጊዜ በመስታወት ሁለት ብቻ ይሄዳል። ሦስት ለሁለት፣ አንድ ተኩል፤ የመስታወቱ የስብረት ልክ ይባላል። ግን መዘግየቱ ለምን ያጥፈዋል?»

እጄን አወጣሁ። «ቀድሞ የገባው ጎኑ ስለሚዘገይ ነው፤ እንደ ጥማድ በሬ።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ሲወጣስ?» አሉኝ። ዞሬ አያቴን አየኋቸው።

ከኋላ አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፣ የኔታ። ደረቅ ሲረግጥ እርምጃው ይመለስለታል፤ ጥማዱም ወደ ጥንት አቅጣጫው ይቀናል።»

መምህሩ ወረቀት ዘርግተው የጨረሩን መግቢያና መውጫ በእርሳስ አሰመሩ። ሁለቱ መስመሮች ትይዩ ነበሩ። «ልክ ነዎት፣ አባቴ» አሉ ጎንበስ ብለው።

ደጅ ስንወጣ አያቴ በቅሎዋን ፈቱ። የተሰጠ ቃል ማጠፍ ያኔ ከባድ ነገር ነበር። «ጋብቻው መቅረቱን ለሰዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ግቢ፣ ተማሪ» ብለውኝ ባዶዋን በቅሎ እየሳቡ ሄዱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

በኋላ እኔም መምህርት ሆንኩ። ስለ መስታወት ሳስተምር መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ሁለት በሬ እስል ነበር፤ ተማሪዎቼም ይስቁ ነበር። ሳቃቸውን ሲጨርሱ «ሲወጣስ?» እላቸውና ጉሮሮዬን ጠርጌ የአያቴን መልስ እመልስላቸው ነበር።