በርበሬና የጎረቤት ውሃ

በገዛ ልጄ ቁስል ላይ በርበሬ የነሰነስሁ ሰው ነኝ። ጠላቴ አልነበረችም፤ የበኩር ልጄ ናት።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ዝናቡ የከዳን ዓመት። ላሊበላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርሁ፤ የምታወቀው ግን ከስፌቴ ይልቅ በምላሴ ነው። በስፌት መኪናዬ ፊት የሚያልፍ ሰው ስም ሳላወጣለት አያልፍም።

ያን ቀን ባለቤቴ ገበያ ወርዳ ልጅ ጠብቅ ተብዬ ቤት ቀርቻለሁ። ደጃፍ ተቀምጬ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ስቀልድ ልጅቷ ከደርቡ የድንጋይ ደረጃ ዘለለችና ቅንድቧ ላይ ተፈነከተች።

«አብዬ! ደም!»

ደም አልወድም። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ወንድ ነኝ። ለሚደማ ቁስል የቡና ዱቄት እንደሚነሰነስ ግን አውቃለሁ። የቡናው ጣሳና የበርበሬው ጣሳ መንትያ መሆናቸውን አላውቅም፤ ጓዳ የሴት ነው ብዬ ገብቼበት አላውቅማ። ጓዳው ጨለማ፣ አፍንጫዬ ጉንፋን የደፈነው። እፍኝ ሙሉ ዘግኜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቅንድቧ ላይ መረግሁት።

ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ዝም በይ! ለቡና እንዲህ ይጮኻል? አታፍሪም?»

«አብዬ ዓይኔ! ዓይኔን አቃጠለኝ!»

እንዳትጠርገው እጆቿን ጥርቅም አድርጌ ያዝሁ። በርበሬውን እንኳ ጣሳው አሳሳተኝ እንበል። እጇን ያስያዘኝ ግን ማን ነው? እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይኸ ነው።

ከቤታችን በታች ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ባልቴት ጎረቤት ነበሩን፤ እስላም ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው፣ ውሃ ቀድተው እየተመለሱ ስለነበር እንስራቸውን እንዳዘሉ ከች አሉ። በዚያ ዓመት የቅርቡ ምንጭ ነጥፎ ሴቶቹ የሚቀዱት ገደሉን ወርደው ነው፤ ጎህ ሲቀድ የወረደች ሴት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ አትመለስም።

«ያ አላህ! አንተ ሰው፣ ልጂቱን ወጥ ልትሠራት ነው?»

«ቡና እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ቡና? እስቲ ቅመሰው!»

ቀመስሁት። ቡና አልነበረም።

ልጅቷን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ውሃውን ዓይኗ ላይ ያፈስሱት ጀመር። «ክፈቺ የኔ ጌጥ፣ አይዞሽ፣ ክፈቺው።» እንስራው ሲጋመስ ጨነቀኝ።

«ይብቃ እትዬ፣ ለራስዎም ይትረፍ።»

«ዓይን ነው አንተ! ዝም ብለህ ጭንቅላቷን ደግፍ!»

እንስራው ጠብታ እስኪያጣ አፈሰሱት። ከዚያ ልጄን ታቅፌ ወደ ክሊኒኩ ሮጥሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር የቀላ ዓይኗን ገልጦ «ምን ነክቷት ነው?» አለ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

«በርበሬ» አሉ ጎረቤቴ። «ሐኪሟ አባቷ ነው።»

ድሬሰሩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ዓይኗ ደኅና ነው። ቶሎ ባይታጠብ ኖሮ ግን…» አለና አልጨረሰውም። ቅንድቧን ሲሰፋላት፣ ልብስ ሰፊው አባቷ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።

ስንመለስ ደረቴን ነፍቼ፣ «እትዬ፣ ነገ እኔው ራሴ ወርጄ ቀድቼ አመጣልዎታለሁ» አልሁ።

«አንተ? እንስራ አዝለህ?» ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይህንንስ ሳላይ አልሙት!»

ከሰዓት በኋላ ባዶ እንስራቸውን አዝለው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ዳግመኛ ወደ ገደሉ ሲወርዱ አየኋቸው።

በማግሥቱ የባለቤቴን እንስራ አንሥቼ እስከ አጥሩ በር ደረስሁ። በአገራችን ወንድ እንስራ አያዝልም። ምንጩ ላይ የሚጠብቁኝ ሴቶች ታዩኝ፤ መኪናዬ ዙሪያ የሚቀመጡት ሥራ ፈቶችም ታዩኝ። ለሰው ሁሉ ስም ሳወጣ የኖርሁት ሰውዬ፣ የሚወጣልኝን ስም በጆሮዬ የሰማሁት መሰለኝ። እንስራውን መለስሁ። ባለቤቴ «እኔ ልቅዳላቸው» ብትል «የለም፣ ዕዳው የእኔ ነው!» ብዬ ተጀነንሁ። ራሴም አልቀዳ፣ እሷንም አላስቀዳ።

ጎረቤቴ ባገኙኝ ቁጥር «ውሃዬስ? ገና ምንጩ ላይ ነህ?» ይሉኛል። «ወረፋው በዝቶ ነው እትዬ» እላለሁ። እንስቃለን። ነገ ነገ ስል የመንግሥት ሰፈራ መጣ። ልጃቸው ሲመዘገብ እሳቸውንም አብሮ አስመዘገበ፤ በዚያ እርጅና ወደማያውቁት ቆላ ሊሄዱ ሆነ። ልሰናበታቸው ሄድሁ። ከጭነት መኪናው ላይ፣ ከሰዉ መሐል አዩኝና ተጣሩ፦

«አንተ! ጠማኝ እኮ!»

የሰማው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ መሳቅ አቃተኝ። ቀና ብዬ እጃቸውን ሳምሁና መኪናው ሄደ።

ከዓመታት በኋላ ከሰፈራ የተመለሱትን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዱ አላውቃቸውም አለኝ፤ ሌላው የወረዱበትን መንደር እንኳ አያውቅም። ልጄ በሁለቱም ዓይኖቿ ታያለች፣ የልጅ እናት ናት፤ ያዳኗትን ሴትዮ ግን አታስታውሳቸውም። እኔ አስታውሳለሁ፤ አንድ እንስራ ውሃ አለብኝ።