የእሜቴ የዘመመ ሻኛ

ጎረቤቴ ጋሼ እንግሊዝኛ አያውቁም። የሚያውቋት አንዲት ቃል ናት፤ «ባክትሪያን»። እሷን ግን እንደ ልጃቸው ስም ነው የሚጠሯት።

በከተማችን የእንስሳት ማቆያ ባለ ሁለት ሻኛዋን ግመል የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ግመሏ ስትመጣ የገባችበት ሣጥን ላይ የተጻፈውን ቃል፣ ፊደሉን እንደ ሥዕል እያዩ መዳፋቸው ላይ ገልብጠው ወደ ቤት ወሰዱት። ባለቤታቸው እትዬ ያኔ መምህርት ነበሩ። ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ከቁም ሣጥኑ አናት አውርደው አነበቡላቸው።

«ድሮ በእስያ መካከል ባክትሪያ የሚባል አገር ነበር። የዚያ አገር ሰውም፣ ቋንቋውም፣ ዕቃውም ባክትሪያን ይባላል። ከግመል ጋር ሲመጣ ግን ባለ ሁለት ሻኛዋ ማለት ነው።»

«አገሩ አሁንስ አለ?»

«አገሩማ ጠፋ። ስሙ ግመል ላይ ተጭኖ ቀረ።»

ጋሼ ይህን ሲያወሩልኝ ዛሬም ዕንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ከዚያ ወዲህ ቃሏ ቤተኛ ሆናለች። እትዬ ሁለት ዘንቢል ተሸክመው ከገበያ ሲመጡ ጋሼ በሩን ከፍተው «ባክትሪያን ደረሰች!» ይላሉ። እትዬም «ቆመህ ከምትሰይመኝ አንዱን አትቀበለኝም?» ይሏቸዋል።

ግመሏን ራሷን የሚጠሯት «እሜቴ» ብለው ነው። እሜቴ አንድ አመል አላት፤ ሰው ካላየች አትበላም። አንድ ጊዜ አጥሯ ሲጠገን ጎብኚ ወደማይደርስበት ጓሮ ተወስዳ አምስት ቀን ጭድ ሳትቀምስ ቀርታለች። ያኔ ወጣት ነበረች። አሁን አርጅታለች።

ዘንድሮ ብርዱ ሲያልፍ የእሜቴ ጠጉር እንደ አሮጌ ምንጣፍ እየተቦጨቀ ረገፈ፤ የፊተኛው ሻኛዋም ወደ ግራ ዘመመ። ለጋሼ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሻኛ የተጠራቀመ ስብ ነው፤ ብርዱን የምታልፈው ከዚያ እየበላች ነው። ስታረጅ ደግሞ ቶሎ አይሞላም። ጎብኚው ግን ይህን ከየት ይወቅ? በር ላይ ባለው የአስተያየት መዝገብ «ያቺን በሽተኛ ግመል እባካችሁ አሳክሟት» የሚል ጽሑፍ በዛ። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ፣ ልጅ እግር ናት፣ ትሑት ናት፣ አጥሩ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ሰው እየተረበሸ ነው። እስከ ሰኞ ሻኛዋ ካልቆመ ወደ ጓሮ እናዛውራታለን።»

«ልጄ፣ ሻኛ እኮ ድንኳን አይደለም፤ በገመድ ጎትተሽ አታቆሚው። ሐኪሙም ደህና ናት ብሏል።»

«ገብቶኛል። ግን ለመጣው ሰው ሁሉ ሐኪሙን አጠገቧ ላቆም ነው?»

ያን ዕለት ጋሼ ራት አልወርድ አላቸው። «ምነው፣ አንተም ሰው ካላየህ አትበላም?» አሉ እትዬ። ጋሼ አልሳቁም። «ጓሮ ከገባች ትሞትብኛለች» አሉ።

ወሬውን የወፎቹ ጠባቂ ሰማች። እታለም ይሏታል፤ ድምጿ በቀቀኖቹን ዝም ያሰኛል፤ ልቧ ግን ቅቤ ነው። እሑድ ጠዋት ከጋሼ ቀድማ ገባችና የአልጋ አንሶላ ቀድዳ፣ የዘመመውን ሻኛ ቀና አድርጋ፣ በሆዷ ዙሪያ አዙራ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። እሜቴ ጭዷን እያላመጠች ዝም ብላ ታሰረችላት።

ጋሼ ሲደርሱ አጥሩ በሰው ተከቧል።

«ተሰብሮባት ነው?»

«ኧረ ቀዶ ሕክምና ነው! አታይም ፋሻውን?»

«እታለም!» አሉ ጋሼ። «ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ?»

«የተሰበረ ክንፍ እንዲህ ነው የማስረው፤ በሳምንቱ ቀጥ ይላል!»

«እሷ መች ልብረር አለች!»

ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጇም ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ፊቷ ግን የሳቅ አልነበረም። ጋሼ አዩዋት። ነገ ሰኞ ነው። ገብተው አንሶላውን ፈቱት። ሻኛው ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ግራ ጎኗ ላይ ተኛ። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ጋሼ በሰው ፊት ንግግር አድርገው አያውቁም። «አይዘኑላት እናቴ» አሉ ወደ ሴትዮዋ ዞረው። «ይህቺ ባክትሪያን ናት። አገሯ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻኛዋ ስንቋ ነው፤ ብርዱን ስትገፋ በላችው፣ አቁማዳው ጎደለ። ጎደሎ አቁማዳ ሲዘም አይተው አያውቁም? ይምጡ፣ ይንኩት።»

ሴትዮዋ ፈራ ተባ እያሉ በአጥሩ መሐል እጃቸውን ሰደዱ። «እንዴ! ትራስ ነው እኮ!»

እሜቴ ይህን ሁሉ ሰው ስታይ አንገቷን ወደ ጭዱ ደፋችና ኩርሽም ኩርሽም ታደርገው ጀመር። «የታመመ እንዲህ የሚበላ ከሆነ እኔንም ይመመኝ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ በኋላ ለመንካት ሰልፍ ተያዘ። ልጅ የታቀፈ፣ ዣንጥላ የያዘ፣ ሁሉም ተራውን ጠበቀ፤ ሥራ አስኪያጇም መሐል ቆማ ነበር። ተራዋ ሲደርስ እጇን ቶሎ አላነሳችም።

«ከእንግዲህም እንዲህ ይነግሯቸዋል?» አለች።

«እስከ ሰኞ አይደል ያልሽኝ?»

«ሰኞ ዝግ ነን። ማክሰኞ በአራት ሰዓት ይጀምሩ።»

አሁን አጥሩ ላይ በእትዬ የእጅ ጽሑፍ «ባክትሪያን፤ ሻኛዋ ስንቋ ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጋሼ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ያወራሉ፤ እታለምም «ፋሻዋ የኔ ነበረች» እያለች ጣልቃ ትገባለች። ባለፈው ሄጄ ሳይ የኋለኛው ሻኛ ሞላ ብሏል፤ የፊተኛው ግን እንደ ዘመመ ነው።

«ይሄኛው አልተነሳም እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ይነሳል» አሉ፣ ጭዱን በመንሽ እየበተኑ። «ምን አስቸኮለው?»